የትኛው የታሪክ መጽሐፍ ለየትኛው አንባቢ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጠያቂ አልጠፋም። ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ኮምቦልቻ ለቅሶ ለመድረስ ወርጄ፣ ሰኞ ገበያ ዕቃ ስገዛ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቼ ያስቆሙኛል። ሰላምታው ሳያልቅ «ለልጄ ምን ዓይነት የታሪክ መጽሐፍ ልግዛለት?» የሚለው ይከተላል። እዚህ የሰበሰብኋቸው ደጋግመው የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ነው። መልሶቹ በአብዛኛው ከክፍል ውስጥ ያገኘኋቸው ናቸው፤ ጥናት ባለበት ላይ ጥናቱን ጠቅሻለሁ።

ልጄ የታሪክ መጽሐፍ ከያዘ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ታሪክ አይወድም ማለት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ የምጠይቀው የሰጡት መጽሐፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። በብዙ ቤት ያለው የታሪክ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ ከትምህርት ቤት የመጣው። የመማሪያ መጽሐፍ የአንድን ንጉሥ ዘመን በጥቂት ገጽ ማለፍ አለበት። ስለዚህ በውስጡ ሰው አይነጋገርም፣ ዝናብ አይዘንብም፣ ማንም አይርበውም። ልጁ የሸሸው ከታሪክ ሳይሆን ከዚያ ጥድፊያ ሊሆን ይችላል።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማታ ቡና ሲፈላ ስለ ህዳር 26 ቀን 1928 ይንገሩት። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ይህችን በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ እንደደበደቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን እዚሁ ደሴ እንደነበሩ፣ ሆስፒታል እንኳ ከቦምቡ እንዳልተረፈ ይንገሩት። «ከዚያስ?» ብሎ ከጠየቀ ታሪክ ይወዳል። ያጣው የሚገባበትን በር ነው፤ በሩን መፈለግ ደግሞ የእኛ የታላላቆች ሥራ ነው።

«የእኔ ልጅ በዓይኑ ነው የሚማረው»፣ «የእኔዋ በጆሮዋ ነው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሰው የሚወደው መንገድ አለው፤ አንዱ ሥዕል ያያል፣ አንዱ መስማት ይመርጣል፣ አንዱ ካልነካና ካልሄደ አይረካም። ይህን ማንም እናት ያለ ጥናት ታውቃለች። እውነት ሆኖ ያልተገኘው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ይኸውም «ልጁ በሚወደው መንገድ ብቻ ብናስተምረው የበለጠ ያውቃል» የሚለው። በ2008 እ.ኤ.አ. አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን ሰብስበው መርምረው ነበር። የምርጫ ልዩነት መኖሩን አልካዱም፤ ማስተማሪያውን ከምርጫው ጋር ማጋጠም ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳምን በቂ ማስረጃ ግን አላገኙም።

እኔ ይህን ከማወቄ በፊት አንድ ልጅ በድዬበታለሁ። ክፍል ውስጥ ስናገር ከሁሉ በላይ የሚያዳምጥ፣ የነገርኩትን ቃል በቃል የሚመልስ ተማሪ ነበር። «አንተ የጆሮ ተማሪ ነህ» አልኩት፤ ለሌሎቹ መጽሐፍ ሳውስ ለእርሱ አላዋስም ነበር፣ እነግረዋለሁ ብዬ። ከዓመታት በኋላ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ እኔ ማንበብ እንደማልችል ነበር የነገሩኝ» አለኝ። እኔ እንደዚያ አላልኩም፤ እርሱ የሰማው ግን ያንን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅን በዓይንና በጆሮ ከፍዬ አላውቅም።

ታዲያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ መጽሐፍ መምረጥ ለምን አስፈለገ?

መጻሕፍቱ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው። ሊመደብ የሚገባው ልጁ ሳይሆን መጽሐፉ ነው። እያንዳንዱ የታሪክ መጽሐፍ ከአንባቢው የተለየ ሥራ ይጠይቃል፤ አንዱ ማዳመጥን፣ አንዱ መጠራጠርን፣ አንዱ ማነጻጸርን፣ አንዱ ካርታ ዘርግቶ ጣት ማስኬድን።

የሰገሌን ጦርነት እንውሰድ፤ የወሎ ልጅ ሁሉ በስም የሚያውቀው ነው። ልጅ ኢያሱ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ተሻሩ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከደሴ ያዘመቱትን ጦር ይዘው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ይህን በትረካ መልክ የጻፈ ደራሲ አባት ለልጁ ሲዘምት ያሳየናል፤ ጠመንጃው፣ ነጋሪቱ፣ የሜዳው አቧራ ሁሉ አለ። በዘመኑ የነበረ ሰው ግለ ታሪክ ስናነብ ያንኑ ጦርነት ከአንድ ጥግ እናያለን፤ ጸሐፊው የቆመበት ጥግ ነው። የትንታኔ መጽሐፍ አቧራውን ይተውና «የሸዋ መኳንንት ለምን ተነሱ? በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ከአዲስ አበባ ምን ይፈልጉ ነበር?» ይላል። የሰነድ መጽሐፍ ደብዳቤውን ያቀርብና ዳኝነቱን ለአንባቢው ይተዋል። አራቱንም ያነበበ ተማሪ ሰገሌን አውቋል ማለት ነው። አንዱን ብቻ ያነበበ አንድ ሰው ሲናገር ሰምቷል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው፤ ልጁ ደስ እያለው በሚገባበት መጽሐፍ ይጀምር፣ በዚያ ግን አይቅር። በሚከብደው ዓይነት ይጨርስ።

ጀማሪ ነው፣ ረጅም ንባብ አልለመደም። በየትኛው ይጀምር?

በትረካ። ሰው ያለበት፣ ጭውውት ያለበት፣ ምዕራፉ አጭር የሆነ። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ «አጤ ምኒልክ»ን የመሰለ መጽሐፍ ሲጽፍ ገበያ ላይ ቆሞ እንደሚያወጋ ሰው ነው የጻፈው። ምዕራፉን ከመሃል ቢከፍቱትም ይገባል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በተራ ማንበብ ግዴታ እንዳልሆነ ለልጁ ይንገሩት። ማውጫውን ያሳዩትና «ደስ ያለህን ምረጥ» ይበሉት። ብዙ ልጆች ንባብ የሚጠሉት ገጽ አንድ ላይ ስለሚታሰሩ ነው።

የትረካ ድካሙ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ አለማሳየቱ ነው። ታሪኩ በጣም ሲጣፍጥ «ይህን ማን አየው?» ብሎ መጠየቅን ከመጀመሪያው ያስለምዱት።

ታሪካዊ ልቦለድ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ይቆጠራል?

አይቆጠርም፤ ግን አይከልከል። ልቦለድ የዘመኑን ልብስ፣ ምግብና ፍርሃት ያስጨብጣል። ደራሲው ያልነበረ ሰው ሊፈጥር፣ የነበረውንም ያልተናገረውን ሊያናግር ይችላል። አንድ ተማሪ ልቦለድ አንብቦ ሲመጣ ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት አሲዘው ነበር፤ በአንዱ «በእርግጥ የሆነ የሚመስለኝ»፣ በሌላው «ደራሲው የፈጠረው የሚመስለኝ»። ቀጥሎ በትንታኔ መጽሐፍ ያረጋግጣል። ወረቀቱን ሞልቶ የመጣ ልጅ ለታሪክ ፈተና ብዙም አይጨነቅም ነበር።

ልጄ ማዳመጥ ይወዳል፣ ማንበብ ይሰለቸዋል። ምን ላድርግ?

ማዳመጡን አይናቁት። እኛ የጆሮ ሕዝብ ነን። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያስታውስ፣ መጽሐፉን ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ስንት ሰው አለ! በወሎ ደግሞ መንዙማው አለ፤ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥም በወረቀት ሳይታተም በፊት በአፍ ነው ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው። ግጥም በጆሮ የሚቀር ታሪክ ነው።

ግን ከማዳመጥ ወደ ገጽ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል። በቤታችሁ ዕድሜ የጠገቡ አያት ካሉ የ1965 እና የ1966ን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁ ይጠይቃቸው። በአክብሮት ይሁን፣ በአንድ ቀን ሁሉንም አይጠይቅ፣ ዝም ካሉ ዝምታቸውን ይቀበል። አያት ያዩትን ይነግሩታል፤ ሰው ከየት መጣ፣ የት አረፈ፣ ምን በላ። ዓመተ ምሕረቱን፣ መንግሥት ምን ያውቅ እንደነበር፣ ነገሩ ከ1966ቱ አብዮት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ግን ላይነግሩት ይችላሉ። ያንን የሚነግረው መጽሐፍ ነው። የአያቱን ቃል ልብ ውስጥ ይዞ መጽሐፍ የሚከፍት ልጅ አይሰለችም፤ አያቱን እየፈለገ ነውና። አይቼዋለሁ።

ጮክ ብሎ ማንበብም አለ። አንድ ምዕራፍ አባት፣ አንድ ምዕራፍ ልጅ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ቁጭ ማለት የማይችል፣ እጁና እግሩ የማያርፍ ልጅስ?

ለዚህ ልጅ ካርታ ያለበትን መጽሐፍ ይፈልጉለት፤ ካርታውን ይዞ ይውጣ። እኛ በዚህ ረገድ የታደልን ነን። ሌላ ከተማ ያለ ልጅ በሥዕል የሚያየውን የእኛ ልጅ በእግሩ ይደርስበታል።

የምወደውን ምሳሌ ልንገራችሁ። በሚያዝያ 1933 የኢጣሊያ ጦር ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ ከደቡብ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ኮምቦልቻ አካባቢ ለቀናት ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገባ። ይህን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ስናገር ማንም ዓይኑን አያነሳም ነበር። ከዚያ «ከኮምቦልቻ ደሴ በመኪና ስትመጡ ጆሯችሁ ለምን ይደፈናል?» እላለሁ። ሁሉም ይስቃሉ፣ ሁሉም ያውቁታል። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ እንወጣለን። «አሁን እናንተ ከላይ ሆናችሁ መድፍ ይዛችኋል፤ ጠላት ከታች፣ ከቦርከና በኩል ይመጣል። የት ትቆማላችሁ?» ስል ጣቶች ይነሳሉ። ለምን ጦርነቱ ኮምቦልቻ ላይ እንደሆነ፣ ለምን ያ ካለፈ ደሴን መያዝ እንደቀለለ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ የጦርነት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ካርታ ለእነርሱ ሕይወት ያለው ነገር ይሆናል።

በሌላው አቅጣጫም ይሠራል። የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ደሴን ያዘ፤ በሃያኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ አዲስ አበባ ገባ። ልጁ በካርታው ላይ መንገዱን ይለካ፣ በሃያ ቀን ያካፍለው፣ ድልድይ ሲፈርስና ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን ያስብ። አይጠየፍ አዳራሽም እዚሁ አለ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ስሙ ራሱ ማንም የማይጠየፍበት የግብር፣ ማለትም የንጉሥ ግብዣ፣ አዳራሽ መሆኑን የሚናገር ቤት። በሩ ላይ ቆሞ ስለ ግብር ሥርዓት የሚያነብ ልጅና አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያነብ ልጅ አንድ ነገር አያነቡም።

ልጄ ለሁሉም ነገር «ለምን? ማን አለ? በምን ይታወቃል?» ይላል። መጽሐፍ አያረካውም።

ታድለዋል። ይህ ልጅ የሰነድ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ውል፣ ደብዳቤ፣ አዋጅ የያዘ። ከእኛ አቅራቢያ ደግሞ ለዚህ የሚስተካከለው የሌለ ሰነድ አለ። ውጫሌ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህ ላይ ተመሥርታ ኢጣሊያ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ አበቃ።

ይህን ጠያቂ ለሆነ ልጅ ሲሰጡት «አንድ ቃል!» ይላል። አዎ፣ አንድ ቃል። ግን እዚያ ላይ አያቁሙት። «ስህተቱ የአስተርጓሚ ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ?» ብለው ይጠይቁትና የተለያዩ ጸሐፊዎች ምን እንዳሉ ይፈልግ። ጠያቂ ልጅ የግርጌ ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ ሲያገኝ እንደ ግምጃ ቤት ያየዋል፤ ጸሐፊው መረጃውን ከየት እንዳመጣው ተጽፏልና።

ዓመተ ምሕረቶቹ ያምታቱኛል። አንዱ መጽሐፍ አድዋን 1888፣ ሌላው 1896 ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከአውሮፓውያን አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። አድዋ የካቲት ስለሆነ 8፤ ሰገሌ ጥቅምት ስለሆነ 1909 የነበረው 1916 ይባላል፣ 7 ማለት ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲከፍቱ መጀመሪያ መቅድሙን አይተው በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ፣ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይም በእርሳስ ይጻፉት። ይህን ያላደረገ ተማሪ ሁለት መጻሕፍት ሲያነብ አንድን ጦርነት ሁለት ጊዜ ያዋጋዋል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የታሪክ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ሲነገረኝ ይገባኛል፣ በእንግሊዝኛ ሳነብ ይጠፋብኛል።

አብሽሪ፣ ልጄ። ይህ ያንቺ ድክመት አይደለም፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠራሽ ነው፣ ታሪኩንና ቋንቋውን። ሁለቱን ለያያቸው። መጀመሪያ ምዕራፉን በአማርኛ ተረጂው፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ አንብቢው።

ለዘመናዊው ታሪክ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ መጽሐፍ ለዚህ በጣም ይመቻል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ የአማርኛው «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ይባላል። 1847 ቴዎድሮስ የነገሡበት ዓመት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተሽ አንድ ንዑስ ርዕስ በአማርኛ፣ ያንኑ በእንግሊዝኛ አንብቢ። በመሃል ላይ ደብተር አስቀምጪና የቃላት ጥንድ ሰብስቢ፤ ውል፣ ግብር፣ ርስት፣ ባላባት፣ ዘመነ መሳፍንት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተባሉ። ፈተና ላይ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ታሪኩን አለማወቅ ሳይሆን ከእነዚህ ቃላት አንዱን አለማወቅ ነው። ይህ የትንታኔ መጽሐፍ ነውና መጀመሪያ ደረቅ ሊመስልሽ ይችላል። ከእያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ በኋላ መጽሐፉን ዘግተሽ «ምክንያቱ ምን ነበር? ውጤቱስ?» ብለሽ ለራስሽ መልሺ። ደረቅነቱ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይለቅሻል።

መጻሕፍቱ ይቃረናሉ። በተለይ ስለ ቦሩ ሜዳና ስለ ልጅ ኢያሱ። የትኛውን ልመን?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ በጥንቃቄም እመልሰዋለሁ፤ በወሎ ምድር ይህ የሁሉም ቤት ጥያቄ ነውና።

በ1870 አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን የከፋፈለው ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው ክርክር ተቋጨ። ለሙስሊሙ ወሎዬ ግን ያ ጉባኤ ሌላ ነገር ነው፤ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የተገደደበት ዘመን መጀመሪያ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ብዙዎች ደግሞ አገር ጥለው ተሰደዱ፣ የተዋጉም አሉ። በቤተ መንግሥት ጸሐፊ የተጻፈ ዜና መዋዕል የአንድነት ጉባኤ ይለዋል። ከአያቶቹ የሰማውን የሚጽፍ ሙስሊም ጸሐፊ የስደት ዘመን ይለዋል። የትንታኔ መጽሐፍ ሁለቱን ያስቀምጥና ንጉሡ ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ ይመረምራል። ሦስቱም ስለ አንድ ቀን የሚናገሩ ናቸው፤ የቆሙበት ቦታ ነው የተለያየው።

በልጅ ኢያሱም እንዲሁ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ማጻፍ የጀመሩት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ትልቅ ምንጭ ነው፤ ማንም የታሪክ ተማሪ ሊያልፈው አይገባም። ነገር ግን ኢያሱ ሲሻሩ አልጋ ወራሽ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ይህን እያስታወሱ ማንበብ መጽሐፉን መናቅ አይደለም። ግለ ታሪክ የሚነበበው እንደዚህ ነው።

ለልጅዎ የምመክርዎ አንድ ክስተት ይምረጥ፣ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ያንብብ፣ ከተቻለ አንዱ ከራሱ ቤት ወግ የተለየ ወገን የጻፈው ይሁን። ከዚያ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይነጋገሩበት። በእኛ ሰፈር የሙስሊምና የክርስቲያን ልጅ አብረው ማጥናታቸው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ክፍል ውስጥ ቦሩ ሜዳን ሳስተምር ከሁሉ የተሻለው ውይይት የተደረገው ሁለቱም ወገን የአያቱን ቃል ይዞ በመጣበት ቀን ነው። ማንም አልተጣላም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ልጅ ከወንበሩ አልተነሳም።

ብዙ ያነባል፣ ግን ምንም አያስታውስም።

እንዴት እንደሚያነብ ይመልከቱት። ያንኑ ገጽ ሦስት ጊዜ የሚደግም ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነብቦ ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡ፣ ከፊሎቹ ዘግተው ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋሚዎቹ በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። የቆሎ ተማሪ የተማረውን ለጓደኛው ሲቀጽል ያደርገው የነበረውን ነው ጥናቱ ያረጋገጠው።

ስለዚህ መጽሐፉ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ዘግቶ ይናገር። ለእናቱ እንጀራ ስትጋግር፣ ለታናሹ፣ ወይም ለግድግዳው። በሳምንቱ ደግሞ እንደገና።

መጽሐፍ ውድ ነው። ሁሉንም ዓይነት ከየት አመጣለሁ?

መግዛት የለብዎትም። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ይሂዱ፣ ከጎረቤት ይዋሱ፣ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። አራት ቤተሰቦች አራት የተለያዩ መጻሕፍት ገዝተው በወር ቢለዋወጡ አራት ዓይነት አነበቡ ማለት ነው። አንድ ብቻ መግዛት ከቻሉ ካርታና ማውጫ ያለውን ይምረጡ፤ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

አባቴ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ታሪክ ማንበብ መጀመር ይፈልጋሉ፣ ግን «አሁን ምን ይገባኛል» ይላሉ።

ለአባትዎ ግለ ታሪክ ይፈልጉላቸው፤ በተለይ ራሳቸው የኖሩበትን ዘመን የሚያወሳ። የሚያውቁት ዘመን ስለሆነ ከጸሐፊው ጋር ይከራከራሉ። «እንዲህ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ» ማለታቸው ራሱ ንባብ ነው። ዓይናቸው ከደከመ የጧት ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው፣ ወይም ልጅዎ ያንብብላቸው። ሲከራከሩ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይኑር። ጸሐፊው የረሳውን እርሳቸው ይነግሩታል፣ ያም ይጻፍ።